የመድና የከሰል ቦይ

መድና አባ ፊጣ ከባሏ ከኢስሃቅ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት ከሰል አክስላ ኖራለች። ቤታቸው ከአጋሮ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቦታ፣ ሀርቡ የሚሉት ትንሽ ወንዝ ዳር ነበር። ኢስሃቅ እንጨቱን ይቆርጣል፤ መድና ትደረድራለች፣ በቅጠልና በአፈር ታለብሳለች። ክምሩ ከተለኮሰ በኋላ አጠገቡ ተቀምጣ ጭሱን የምትጠብቀውም እሷ ናት። ጭሱ ከነጭነት ወደ ሰማያዊ ሲያደላ «በቃ፣ ድፈነው» ትላለች፤ ኢስሃቅም ይደፍናል። «እኔ ክንድ ነኝ፣ ዓይኑ የመድና ነው» ይል ነበር ለሰው ሁሉ፣ ሳያፍር።

ከሰል አክሳይ በዚያ አገር ብዙ አይከበርም። ሰርግ ይጠራል፣ ግን ዳር ይቀመጣል። ቢታጠብም እጁ ጥቁር ነው። መድና ይህን ለምዳው ነበር፤ ኢስሃቅ እያለ ዳር መቀመጥም ለሁለት ነው።

በ1978 ዓ.ም. የመንደር ምስረታው ትእዛዝ መጣ። በሸለቆው ተበታትኖ የሚኖረው ሰው ሁሉ ጉብታው ላይ፣ ከመኪና መንገዱና ከቡና ማጠቢያው አጠገብ፣ በአንድ መንደር እንዲሰፍር ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ቱሉ አባወራውን በየስሙ መዘገበ። ኢስሃቅም ተመዘገበ። በወሩ ወባ ያዘችው፤ አምስት ቀን ብቻ ተኝቶ ሞተ። ስሙን ከመዝገቡ ሰረዙት። በምትኩ የመድናን ስም የጻፈ ሰው ግን አልነበረም።

ቤት ማፍረሱ ሲጀመር መድና ወደ ቱሉ ሄደች።

«መድና፣ ወረቀቱ ወረዳ ሄዷል» አላት። «ላንቺ የተለካ ቦታ የለም። ሲስተካከል አስጠራሻለሁ፤ እስከዚያው ባለሽበት ቆዪ።»

አርባ ሦስት ቤት ተነሣ። ሰው ጣሪያውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ማገሩን አስሮ፣ ዶሮውን በብብቱ ይዞ ሽቅብ ወጣ። በአጥር ተለያይተው ሃያ ዓመት እሳት እየተጫጫሩ አብራት የኖረችው ጎረቤቷ ዘይቡ የመጨረሻዋ ነበረች። «ቅርብ አይደል? እየወረድኩ እጠይቅሻለሁ» አለቻት። ሁለት ጊዜ ወረደች፤ ከዚያ ቀረች። መድናንም ያስጠራት የለም።

ሰው ከሄደ በኋላ ነው መድና ጎረቤት ማለት ድምፅ መሆኑን ያወቀችው። እንጨት የሚፈልጥ፣ የሚያስል፣ ልጁን የሚቆጣ፣ ለሱብሒ ሶላት ሲነሣ ጉሮሮውን የሚያጠራ ሰው ለካ ሲሞላው ኖሯል ሸለቆውን። አሁን ቤቶቹ የነበሩበት ቦታ ክብ ክብ ሆኖ ቀርቷል፤ በየመካከሉ የምሰሶ ጉድጓድ። በክረምቱ ጉድጓዶቹ ውሃ ያዙ፣ በበጋው አረም ዋጣቸው። አንድ ልጇ ፈድሊያ ሸቤ ከተማ አግብታለች፤ በዓመት አንዴ፣ ለአረፋ ትመጣለች። መድና በቀሩት ቀኖች አንዳንዴ «ቢስሚላህ» ስትል የራሷን ድምፅ ሰምታ ትደነግጥ ነበር።

ሥራዋን ግን አልተወችም። ዛፍ መቁረጥ ስለተከለከለና ጉልበቷም ስላልቻለ፣ ያረጀ የቡና ግንድና የወደቀ ቅርንጫፍ እየለቀመች ትንንሽ ክምር ታከስላለች። ከሰሉን ስታበጥር የሚቀረውን ድቃቂ የሚገዛ የለም፤ እሱን እንደ ድሮው ከቤቷ በላይ ካለው ቦይ ትደፋዋለች። ቦዩን ኢስሃቅ ነበር የቆፈረው፣ ጎርፉ ቤት እንዳይገባ። ዓመት በዓመት ድቃቂው፣ የእንጨቱ ስንጣሪና ልጣጩ ሞልቶት የዝናቡ ውሃ በላዩ መሮጡን ትቶ ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ ከጓሮዋ ወዳለች አነስተኛ ኩሬ ይወርድ ጀመር። መድና ይህን ልብ ብላ አላየችውም። ቆሻሻ ነው፣ መጣያ ነው።

በ1979 ክረምት ሀርቡ አረንጓዴ ሆነ።

ጉብታው ላይ፣ ከቡና ማጠቢያው ጀርባ፣ የሁለት ዓመት የቡና ገለፈት እንደ ኮረብታ ተከምሯል። የመንደሩ ከብት በአንድ በረት ያድራል፤ የጋራው የበቆሎ ማሳ ቁልቁለቱ ላይ ታርሶ ማዳበሪያ ተበትኖበታል። ዝናቡ ሲወርድ ከሁሉም እየጠረገ ወደ ሸለቆው አመጣው። ወንዙ ላይ ወፍራም አረንጓዴ ልጋግ ተጋገረ። ሲሰነብት ቡናማ ሆነ፣ ሸተተ፤ ጥጆች አፍንጫቸውን አስጠግተው ተመለሱ። ለመንደሩ ቃል የተገባው የእጅ ፓምፕ አልመጣም ነበርና ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ቁልቁል ወርደው ከሀርቡ ነው።

አንድ ቀን ዘይቡ የተሻለ ውሃ ፍለጋ እስከ መድና ጓሮ መጣች። ኩሬዋን አይታ ቆመች። ጠጠሩ ከታች ይታያል።

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ጄሪካኗን ሞላች። ከዚያ ቀና አለች። «የሁሉም ተበላሽቶ ያንቺ ብቻ እንዴት ጠራ፣ መድና?»

«እኔ ምን አውቄ። አላህ ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል» አለች ዘይቡ።

የመድናን እጅ አየች፣ ጥቁሩን ቦይ አየች። ከዚያ የቀዳችውን ውሃ መልሳ መሬት ላይ ደፋችው፤ ባዶ ጄሪካኗን አንጠልጥላ ሽቅብ ሄደች።

ወሬው በሳምንቱ መንደሩን አዳረሰ። መድና ጥለዋት ስለሄዱ ቂም ይዛ አንድ ነገር አድርጋለች፤ የወንዙን ውሃ አበላሽታ የራሷን ጠብቃለች፤ ባይሆንማ እንዴት? ሴቶቹ ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት የሚያስኬድ ሌላ ውሃ መሄድ መረጡ። መድና ወሬውን የሰማችው ገበያ ላይ ነው፣ ከሰል ልትገዛት የነበረች ሴት ሳትገዛ ዞር ስትልባት። ቤቷ ተመልሳ ኩሬው ዳር ተቀመጠች። ውሃው በእርግጥ ጠርቶ ነበር። የሌሎቹን ለምን እንዳልመሰለ እሷም አታውቅም፤ እንዲያውም ለአንድ አፍታ ራሷን ተጠራጠረች።

የገበሬ ማኅበሩ በበኩሉ ስለ ወንዙ ለወረዳው አመልክቶ ነበር። መልሱ በዓመቱ መጣ። በ1980 ሰኔ ላይ፣ ከጅማ አንድ ቤተ ሙከራ ዓለምብርሃን የተባለ ሠራተኛ ተላከ። ቀጭን ነው፤ የመነጽሩ ጆሮ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ትንንሽ የመስታወት ብልቃጦች የተደረደሩበት የእንጨት ሣጥን በትከሻው ይዟል። ከላይ ጀምሮ ከየቦታው ውሃ እየቀዳ፣ ዱቄት መሰል ነገር እየጨመረ ቁልቁል ወረደ። የወንዙ ውሃ ብልቃጥ ውስጥ እንደ ቀይ ሥር ቀላ። የመድና ኩሬ ውሃ ግን ሩብ ሰዓት ቆይቶም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ብቻ ነው የሆነው። ዓለምብርሃን ደፍቶ እንደገና ቀዳ። ያው ነው።

መድና ከበሯ ላይ ሆና ታየው ነበር።

«እናቴ፣ ይህ ኩሬ ውሃው ከየት ነው የሚመጣ?»

«ከላይ ነዋ። እንደ ሌላው ከዝናቡ» አለች። ሊከሳት የመጣ መስሏት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። «ወላሂ፣ እኔ ምንም አላደረግሁም።»

እሱ ቦዩ ውስጥ ወርዶ እጁን እስከ ክርኑ አገባ። ጥቁር ሆኖ ወጣ።

«ከሰል ነው። ይህን እንዲያደርጉ ማን ነገረዎት?»

«ማን ይነግረኛል? መጣያ አጥቼ ነው።»

ዓለምብርሃን ሳቀ። የፌዝ ሳቅ አልነበረም፤ አንድ ሰው የጠፋበትን ሲያገኝ የሚስቀው ዓይነት ነው። በዚያ ጓሮ ሰው ከሳቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አስረዳት። ወንዙ አልተመረዘም፣ ከልክ በላይ ጠግቦ ነው፤ ብልቃጡን ያቀላውም ይኸው ጥጋብ ነው። ፋንድያው፣ ገለፈቱና ማዳበሪያው ለበቆሎ ምግብ ናቸው፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ያንን አረንጓዴ ልጋግ ይቀልባሉ። ልጋጉ ሲሞት ይበሰብስና ውሃውን ያፍነዋል። የእሷ ቦይ ምግቡን ከውሃው ይቀማል፦ ከሰሉ ከፊሉን ይዞ ያስቀራል፤ በእርጥቡ ልጣጭና ስንጣሪ መካከል ደግሞ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ተቀምጠው የቀረውን ይበሉታል።

«ለመጠጥ ግን አሁንም አፍልተው ነው» አላት። «ከሰል ሁሉን በሽታ አያስቀርም።»

«ከሰልን ሰው ሲያመሰግነው ዛሬ ሰማሁ» አለች መድና።

ከዚያ በኋላ በየአሥራ አምስት ቀኑ ረቡዕ ረቡዕ ይመጣ ጀመር። መድናም ረቡዕን ትጠብቅ ጀመር። ማክሰኞ ግቢዋን ትጠርጋለች። ጎደሬ ትቀቅልለታለች፤ እሱ ብልቃጦቹን እያጠበ ይበላል። ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን ግን እንዲሁ፣ ዓይኑን ከብልቃጡ ሳያነሣ፣ አገሩ ተምቤን መሆኑን፣ በጦርነቱ ምክንያት ከእናቱ ደብዳቤ ካገኘ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ነገራት።

«እናትህ ስማቸው ማን ነው?»

«ለተብርሃን።»

መድና ስሙን ሁለት ጊዜ ለራሷ ደገመችው፣ እንዳይጠፋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስትሰግድ ለኢስሃቅና ለፈድሊያ ካደረገችው ዱዓ ቀጥላ የእናቱን ስም ትጠራ ነበር። ለእሱ አልነገረችውም።

በሐምሌ መጨረሻ ዓለምብርሃን መንደሩን በስብሰባ አስጠርቶ ሁለቱን ብልቃጦች፣ ቀዩንና ሮዙን፣ ከፊታቸው አቆመ። የተናገረው አጭር ነበር። ወንዙን ያበላሸው ከዚህ ከጉብታው የሚወርደው ነው፤ አንዲት ሴት ሳታውቀው መድኃኒቱን ጓሮዋ አኑራዋለች። ዘይቡ ሻሿን እያስተካከለች መሬት መሬት ታይ ነበር።

ቱሉ የሦስት ቀን የጋራ ሥራ አዘዘ። ዋናው ጎርፍ በሚወርድበት ቦታ ስልሳ እርምጃ የሚሆን ቦይ ተቆፈረ። የመድና ድቃቂ አልበቃ ብሎ የደረቀ የቡና ገለባ ጉድጓድ ውስጥ አክስለው ጨመሩ፤ ከአጋሮ ከእንጨት መሰንጠቂያው ስንጣሪና ሰጋቱራ መጣ። ገለባው ቶሎ አመድ ይሆናልና አከሳሰሉን ያሳየቻቸው መድና ናት። «አሁን ድፈኑት» ስትል ሠላሳ ሰው ሰምቶ ደፈነ። ዘይቡ የቅርጫቱን አንድ ጆሮ ይዛ፣ መድና ሌላውን ይዛ ሦስት ቀን አብረው ተመላለሱ። ስለዚያ ስለተደፋው ውሃ አንዳቸውም አላነሡም። በሦስተኛው ቀን ዘይቡ ከጉያዋ የተጠበሰ በቆሎ አውጥታ ከሁለት ሰብራ ሰጠቻት። መድና ከሰርጓ ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ደስ ብሏት አያውቅም።

በመስከረም ሀርቡ ፈጽሞ ባይጠራም ልጋጉ ለቀቀው፤ ከብቱ ጠጣ። ዓለምብርሃን በጥቅምት ሲመጣ አንድ ነገር አስጠነቀቃት። «ከሰሉም ይጠግባል፣ አዴ መድና። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ዋናው ዝናብ ሳይመጣ፣ መውጣትና በአዲስ መተካት አለበት። የወጣውን አይጣሉት፣ ለጎደሬው ይስጡት፤ የተቀማው ምግብ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው።»

«አንተ እያለህ ምን ቸገረኝ» አለችው።

በታኅሣሥ አንድ ረቡዕ ቀረ። የሚቀጥለውም ቀረ። መድና ማክሰኞ ማክሰኞ ግቢዋን መጥረግ አልተወችም። በየካቲት ጎደሬ በከረጢት አሥራ በጭነት መኪና ጅማ ሄደች። ጊንጆ በሚባለው ሰፈር የኢስሃቅ የአክስት ልጅ ቤት አድራ፣ በማግስቱ እየጠየቀች የሚሠራበትን ደረሰች። ጥበቃው «ተዛውሯል» አላት። ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት ወጥታ በለሆሳስ «አልተነገረንም፣ እናቴ» አለቻት። «ኅዳር መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች መጥተው ጠሩት፤ አብሯቸው ሄደ። ሣጥኑ እዚህ አለ።»

መድና ሌላ ጥያቄ ልትጠይቅ ፈለገች፤ የሴትዮዋን ፊት አይታ ተወችው። ጎደሬውን ለሴትዮዋ ሰጥታ ተመለሰች። መኪናው ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ቡና ያወራል። እሷ ግን የለተብርሃንን ነገር ታስብ ነበር። አሁን ያቺ ሴት ደብዳቤ ብትጽፍ ማን ይቀበላታል?

በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለመንደሩ ፓምፑ መጣ። ሰዉ ጨፈረ። ውሃ በደጁ ሆነና ወደ ሀርቡ የሚወርድ እግር ጠፋ፤ መንገዱን ሣር በላው። ግንቦት ሲገባ መድና ስለ ቦዩ ልታስታውስ ወጣች።

«ውሃ አለን እኮ» አላት ቱሉ፣ በደግነት ነበር። «ወንዙ አሁን ለማን ነው? ከብቱንም ከፓምፑ ነው የምናጠጣ።»

መድና ተነሥታ ዘይቡ ቤት ጎራ አለች። ዘይቡ ጉልበቷን አሳየቻት፤ እውነትም አብጧል። ሻይ አፍልታ ሰጠቻት፤ አብረው ጠጡ።

ቁልቁል ስትወርድ ልትተወው ወስና ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ቦዩ ዳር ሄዳ አየችው፤ እንዴት እንደጠገበ፣ እንዴት እንደከበደ። ዓለምብርሃን ድንገት ቢመጣና እንዲህ ቢያገኘው? ዶማዋን አነሣች።

ስልሳውን እርምጃ ለብቻዋ ለመጨረስ አርባ አንድ ቀን ፈጀባት። የጠገበውን በቅርጫት እያወጣች ጎደሬዋ ሥር ደፋችው፤ አዲሱን እያከሰለች ሞላች። ሁለት ጊዜ ዝናብ ቀድሟት የሞላችውን ጠረገው። ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ፤ ውዱእ ስታደርግ እጇ ሲያቃጥላት ታለቅሳለች። የሚጠጣው ሰው ለሌለው ወንዝ እንዲህ መልፋቷ አንዳንዴ ለራሷም እብደት ይመስላት ነበር። ጎደሬው ግን ቅጠሉ ሕፃን የሚጠቀለልበት ያህል ሰፋ። በላችው፣ ሸጠችው፤ የተረፈውን የሚቀምስላት ሰው አጣች።

በ1982 ጥቅምት፣ በሬ የጠፋበት አንድ ገበሬ ወንዙን ተከትሎ ከታች ሽቅብ መጣ። ስሙ ነጋሳ ነው፤ ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ አገር ነው የመጣው። መድና በሬውን እንዳላየች ነገረችው። ሰውዬው ደክሞት ስለነበር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ የቀቀለችውን ጎደሬ ሰጠችው።

«ያ የቡና ማጠቢያ ተዘጋ እንዴ?» ሲል ጠየቃት።

«ኧረ ይሠራል። ምነው?»

«ወንዙ ተሻለን እኮ። በሰባ ዘጠኝ ጊዜ ውሃው ገምቶ ስድስት ላም ሞተብኝ። የእኔ ብቻ አይደለም። አምና አገገመ፣ ዘንድሮም ደህና ነው። ተዘግቶ ይሆናል ብለን ነበር።»

መድና እጇን ከጎደሬው ላይ አነሣች። «የምትጠጡት ይህንኑ ነው?»

«ሌላ ምን አለንና? እኛም፣ ከብቶቻችንም።»

«ስንት ቤት ናችሁ?»

ነጋሳ በጣቶቹ ቆጠረ፣ ሁለት ቤት ረስቶ ነበርና እንደገና ጀመረ። «ሠላሳ አንድ» አላት።

ተነሥታ ቦዩን አሳየችው። ከላይ እስከ ታች አስኬደችው። ምን እንደሚያደርግ ዓለምብርሃን እንደነገራት ነገረችው፤ የረሳችውን ዘለለችው። ነጋሳ ከሰሉን በእጁ ዘግኖ አሸተተው፣ መልሶ አፈሰሰው። «ለብቻሽ?» አላት። «ለብቻዬ» አለችው። ከመሄዱ በፊት ሁለት እጇን ይዞ ሳመላት፣ ከነጥቁረቱ።

በተከታዩ ግንቦት ነጋሳ ከአንድ ጎረቤቱ ጋር መጥቶ ሁለት ቀን ቆፈሩላት። በዓመቱ ደግሞ አገሩ ተናውጦ፣ ወታደሩ በየመንገዱ ተበትኖ፣ መንግሥቱም ሊወድቅ የደረሰበት ጊዜ ነበርና ከታች የሚመጣ ሰው አልነበረም። ጉብታው ላይ ያለው መንደርም መፍረስ ጀምሮ ነበር። ከፊሉ ወደ ቀድሞ ቦታው ሲመለስ ከፊሉ ከተማ ገባ። ዘይቡ በጉልበቷ ምክንያት ወንድሟ ዘንድ ጅማ ሄደች፤ ሳትሰናበታት ነው የሄደችው፣ ወይም ልትሰናበታት ፈልጋ መውረዱን አልቻለችም።

በዚያው ዓመት መጋቢት ፈድሊያ መጥታ እናቷን ሸቤ ወሰደቻት። መድና ስድስት ሳምንት ቆየች። ቤቱ በልጅ ድምፅ የተሞላ ነው፤ የልጅ ልጆቿ ይወዷታል፤ ምግቡ አይጎድልም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ግን ልብሷን ማጠፍ ጀመረች።

«እናቴ፣ እዚያ ማን አለሽ?» አለቻት ፈድሊያ።

«ማንም የለኝ።»

«ታዲያ?»

«ዝናቡ ሊጀምር ነው» አለች መድና።

ፈድሊያ ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ስንቅ ቋጠረችላት። መድና በጭነት መኪና አጋሮ ደረሰች። ከአጋሮ በእግሯ ወረደች። ቤቷ ከአንድ ወገን ጣሪያው ያፈሳል፤ ጓሮውን አረም ወርሶታል። ስንቋን አስቀምጣ፣ ዙህር ሰግዳ፣ የዶማውን እጀታ ምስጥ በልቶት እንደሆነ አገላብጣ አየች። አልተበላም። ወደ ቦዩ ወጣችና ከታችኛው ጫፍ ጀመረች።